ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ የሚደረግ የቡአ ቀዶ ሕክምና፦ የድንገተኛውና የታቀደው ዋጋ በታሪክ ሲመዘን፣ ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ ደጋ አንጻር

መግቢያ

ቡአ በቀዶ ሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ከቀላል ሕመሞች ተርታ ይመደባል። ያለ ጊዜው ተወልዶ፣ ከሞት ተርፎ ወደ ቤቱ የገባ ሕፃን በብሽሽቱ ላይ ሲያለቅስ የሚያብጥ፣ ሲረጋጋ የሚጠፋ እብጠት ሲታይበት ግን ነገሩ ቀላልነቱን ያጣል። ቀዶ ሕክምናውን ማፍጠንም ሆነ ማዘግየት የየራሱ ዋጋ አለው። ዋጋውም በብር ብቻ የሚከፈል አይደለም፤ በአንጀት፣ በዘር ፍሬ፣ በእስትንፋስ፣ አንዳንዴም በሕይወት ይከፈላል።

የሕክምናው ዓለም በዚህ ጥያቄ ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ሲከራከር ኖሯል፤ የሰጠው መልስም በየዘመኑ ተለዋውጧል። ይሁን እንጂ መልሱ የተገኘው በአብዛኛው ሆስፒታል በቅርብ በሚገኝባቸው ከተሞች ነው። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ፣ ቤተሰቡ ከሆስፒታሉ በሸለቆና በገደል በተለየበት አገር፣ ያው መልስ ሌላ ዋጋ ያስከፍላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የክርክሩን ታሪክ መዳሰስና ለአካባቢው የጤና ባለሙያ ምን ትምህርት እንደሚሰጥ ማመልከት ነው።

የሕመሙ ጠባይ

ወንድ ፅንስ በማሕፀን ሳለ የዘር ፍሬው ከሆድ ዕቃው ሲወርድ፣ የሆድ ዕቃ ሽፋን የጣት ቅርጽ ያለው ቀጭን ከረጢት ሆኖ አብሮት ይወርዳል። ይህ መተላለፊያ በደንቡ መሠረት በመወለጃው ሰሞን ወይም ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ይዘጋል። ሕፃኑ ቀኑ ሳይደርስ ከተወለደ ግን መተላለፊያው ክፍት ሆኖ ይቆይና አንጀት በዚያ በኩል ሊወርድ ይችላል። በቀናቸው ከተወለዱ ሕፃናት መካከል የብሽሽት ቡአ የሚታይባቸው ከመቶ 1 እስከ 5 የሚሆኑት ሲሆኑ፣ ያለ ጊዜያቸው በተወለዱት፣ በተለይም ክብደታቸው እጅግ ዝቅተኛ በሆነው ላይ፣ ቁጥሩ ከመቶ 10 እስከ 30 ይደርሳል። ሕመሙ በወንዶች ላይ ይበዛል፤ በሴት ሕፃናት ላይ ሲከሰት ደግሞ በከረጢቱ ውስጥ የሚገኘው የእንቁላል ዕጢ ሊሆን ይችላል።

አደጋው የሚመጣው የወረደው አንጀት ተመልሶ መግባት ሲያቅተው ነው። እብጠቱ ይጠጥራል፤ ሕፃኑ ያለማቋረጥ ያለቅሳል፤ ጡት አይይዝም፤ ያስመልሰዋል፤ ሆዱ ይነፋል። ችግሩ ከቀጠለ የአንጀቱ የደም ዝውውር ይቋረጣል፤ የዘር ፍሬውም ደም ያጣል። ለዚህ የሚቀረው ጊዜ የሚቆጠረው በሰዓት ነው።

ከአንኮበር እስከ ደብረ ብርሃን

በሰሜን ሸዋ ደጋ የዘመናዊ ሕክምና ፍላጎት የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግዛት የቆየው፣ በሻለቃ ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኞች ቡድን ሐኪም ይዞ መጥቶ ነበር፤ መድኃኒት ፈላጊው ብዙ እንደነበረም ሃሪስ ራሱ ጽፏል። የኢጣልያ ጂኦግራፊ ማኅበር በአንኮበር አቅራቢያ፣ ልጥ ማረፊያ በተባለው ስፍራ ባቋቋመው ጣቢያም በ1880ዎቹ ቪንቼንሶ ራጋዚና ሊዮፖልዶ ትራቬርሲ የተባሉ ሐኪሞች ተቀምጠዋል። በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1884፣ በፓዶቫ ከተማ ኤዶአርዶ ባሲኒ እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን የቡአ ቀዶ ሕክምና ጀመረ። ባሲኒ በአገሩ የደረሰበት ዕውቀት ግን ለመንዝ ሰው አልደረሰም። የአገሬው ወጌሻ አጥንት በመጠገን የተካነ ቢሆንም ለታነቀ አንጀት የሚያደርገው ነገር አልነበረውም።

ቀዶ ሕክምና ወደ ኢትዮጵያ በተደራጀ መልክ የገባው ከዐድዋ ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1896 በመጣው የሩስያ ቀይ መስቀል ቡድን አማካይነት ነው። ከዚያ በኋላ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በአዲስ አበባ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን ለገጠር ማሠልጠን ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1964 በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ በኤዲንብራ የቀዶ ሕክምና ትምህርታቸውን ያጠናቀቁት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ነበሩ፤ ዛሬ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓስ የሚጠራው በስማቸው ነው።

ወደ ደጋው ገጠር የደረሰው አገልግሎት ግን ዘግይቶ የመጣ ነው። በመርሐቤቴ፣ በዓለም ከተማ የሚገኘው እናት ሆስፒታል የተሠራው ካርልሃይንስ ቦም እ.ኤ.አ. በ1981 በመሠረቱት የሰዎች ለሰዎች ድርጅት ድጋፍ ነው። በመንዝም በመሐል ሜዳ ሆስፒታል ተከፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የጤና መኮንኖች የማስተርስ ሥልጠና ደግሞ ቀዳጅ ሐኪም በሌለባቸው ሆስፒታሎች የታነቀ ቡአን፣ የተቋረጠ ምጥንና የመሳሰሉትን የሚያክም ባለሙያ አስገኝቷል። ይህ ለአዋቂ በሽተኛ ታላቅ እርምጃ ነው። ክብደቱ ሦስት ኪሎ ግራም እንኳ ያልሞላ፣ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ግን አሁንም በአብዛኛው ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም አልፎ የሕፃናት ቀዶ ሐኪሞች ወደሚበዙባት አዲስ አበባ ይላካል። ምክንያቱ መቁረጡና መስፋቱ ብቻ ሳይሆን ማደንዘዣው፣ ከማደንዘዣው በኋላም የሚያስፈልገው ጥበቃ ነው።

የማፍጠንና የማዘግየት ክርክር

በሕፃን ላይ የሚደረገው የቡአ ቀዶ ሕክምና ከአዋቂው የተለየ መሆኑን ቀድሞ ያስረዳው በሜልበርን ይሠራ የነበረው ሃሚልተን ረስል ነው። ረስል በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ እንዳመለከተው፣ በሕፃናት ላይ ችግሩ የጡንቻ መላላት ሳይሆን ያልተዘጋ ከረጢት ነው፤ ስለዚህ ከረጢቱን ከሥሩ አስሮ መቁረጥ ይበቃል። ይህ አሳብ እ.ኤ.አ. በ1950 ፖትስ፣ ራይከርና ሊዊስ የተባሉ የቺካጎ ሐኪሞች ባወጡት ጽሑፍ ተጠናክሮ የተለመደ አሠራር ሆነ። ቀዶ ሕክምናው አጭር፣ ስፌቱም ጥቂት ነው።

የወጪን ጉዳይ ቀድሞ ያነሣው ደግሞ የግላስጎው ሐኪም ጄምስ ኒኮል ነው። ኒኮል እ.ኤ.አ. በ1909 ባሳተመው ዘገባ በዐሥር ዓመት ውስጥ በተመላላሽ ሕክምና የተደረጉ 8,988 የሕፃናትና የልጆች ቀዶ ሕክምናዎችን መዝግቧል፤ ቡአም ከእነዚህ መካከል ነበረ። ሕፃናትን በሆስፒታል አልጋ ላይ ማቆየት የሆስፒታሉን ገንዘብ ያለ ጥቅም እንደሚጨርስና ጡት የሚጠባ ሕፃን ከእናቱ የተሻለ አስታማሚ እንደሌለው ተከራከረ። ኒኮል ግን ሕፃናቱን እንዲሁ አላሰናበተም። ነርሶች በየቤቱ እየሄዱ እንዲጎበኟቸው አደረገ፤ ቤታቸው ለማይመች እናቶችም በሆስፒታሉ አቅራቢያ ማረፊያ ቤት አዘጋጀ። ቁጠባው የተገኘው ክትትሉ ስለነበረ ነው።

የኒኮል ልጆች ግን ዛሬ ከሚታሰቡት እጅግ ያለ ጊዜያቸው ከተወለዱ ሕፃናት የተለዩ ነበሩ፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያሉት በአብዛኛው አይተርፉም ነበር። መትረፍ ሲጀምሩ አዲስ ችግር ታየ። የቶሮንቶው ስቲዋርድ እ.ኤ.አ. በ1982 እንዳሳየው፣ ያለ ጊዜያቸው ተወልደው የቡአ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሕፃናት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከማደንዘዣው በኋላ የእስትንፋስ መቋረጥንና የመሳሰሉ ችግሮችን አሳይተዋል፤ በቀናቸው በተወለዱት ላይ ግን ይህ እምብዛም አልታየም። ኮቴና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ከስምንት ጥናቶች የተውጣጡ 255 ሕፃናትን መዝገብ አንድ ላይ መርምረው፣ አደጋው ሕፃኑ ያለ ጊዜው በተወለደበት መጠን እንደሚጨምር፣ ዕድሜው በገፋ ቁጥር እንደሚቀንስ፣ የደም ማነስ ያለበት ሕፃን ደግሞ ይበልጥ እንደሚጋለጥ አረጋገጡ።

አደጋውን ለመቀነስ ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ በጀርባ የሚሰጠው ማደንዘዣ ነው። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ ቤይንብሪጅ የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ በሕፃናት ላይ ተጠቅሞበታል። እ.ኤ.አ. በ1984 የአባጂያን ዘገባ ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱት እንደገና አስነሣው። በሰባት አገሮች፣ በ28 ሆስፒታሎች 722 ሕፃናትን ያሳተፈውና ውጤቱ ከ2015 ጀምሮ የታተመው ጥናትም፣ ይህ ማደንዘዣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባለው የመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት የእስትንፋስ መቋረጥን እንደሚቀንስ፣ ከአንድ ሰዓት ያነሰ አጠቃላይ ማደንዘዣም በአእምሮ ዕድገት ላይ ጉዳት እንዳላስከተለ አሳይቷል።

የማዘግየት ዋጋ ደግሞ በሌላ ወገን ተመዝኗል። በካናዳ የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ሕፃናትና ታናናሽ ልጆች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ጥናት እንዳመለከተው፣ ቀዶ ሕክምናው ቡአው ከታወቀ ከ14 ቀን በላይ ሲዘገይ የመታነቅ አደጋው ከመቶ 5.2 ወደ ከመቶ 10.1 ከፍ ብሏል። በዚህ የተነሣ «ቡአ እንደታወቀ ይቀደድ» የሚለው መመሪያ ለረጅም ጊዜ ሚዛን ደፍቶ ቆየ።

እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው የአሜሪካ ጥናት ግን ሚዛኑን ወደ ሌላው ወገን አዘነበለ። በ39 ሆስፒታሎች ያለ ጊዜያቸው የተወለዱና ገና በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሳሉ ቡአ የተገኘባቸው 338 ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ከሆስፒታል ሳይወጡ፣ ግማሾቹ ከፅንስ ዘመናቸው ጋር ተቆጥሮ 55 ሳምንት ከሞላቸው በኋላ እንዲቀደዱ ተወሰነ። ከባድ ጉዳት የደረሰባቸው ከቀደሙት ከመቶ 28፣ ከዘገዩት ከመቶ 18 ሆኑ። በጥበቃ ላይ ሳሉ ቡአቸው በራሱ የጠፋላቸውም ነበሩ።

ይህ ውጤት በጥንቃቄ መነበብ ይኖርበታል። በጥናቱ «ማዘግየት» የተባለው ሕፃኑን መተው አይደለም። ቀኑ አስቀድሞ ተቆርጧል፤ ወላጆች ምልክቱን ተነግሯቸዋል፤ እብጠቱ አልመለስ ቢል የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል የሚደርሱበት መንገድ አለ። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል የጥናቱ ቁጥር ሕፃኑን አይመለከተውም።

የአዲስ ሕሙማን መምጣት

በኢትዮጵያ ይህ ጥያቄ ቀድሞ ያልተነሣበት ምክንያት አሳዛኝ ነው፤ ቡአ ሊታይባቸው የሚችሉት ሕፃናት ለዚያ አይበቁም ነበር። እንደ አገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በጤና ተቋም የተወለዱት ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ከመቶ 26፣ በ2019 ከመቶ 48 ደረሱ። በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ጨቅላዎችም በ2000 ከ1,000 ሕያው ልደት 49 ከነበሩበት በ2016 ወደ 29 ዝቅ ብለዋል፤ የ2019ኙ ጥናት ግን 33 አግኝቷል። ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ123 ዝቅተኛ ክብደት ባላቸው ሕፃናት ላይ አድርገው እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ጥናት፣ ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ አድርጎ ማሞቅ፣ ማለትም የካንጋሩ እንክብካቤ፣ ገና ከጅምሩ ሲሰጥ ሕይወት እንደሚያድን አሳይቷል። በአምስት ሆስፒታሎች የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ሰፊ ጥናት ደግሞ ያለ ጊዜያቸው ተወልደው በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ከተኙት ከመቶ 29 ያህሉ እንደሞቱ መዝግቧል። ቁጥሩ ከባድ ቢሆንም ከመቶ 71 ያህሉ መትረፋቸውንም ያመለክታል። ከደጋው የመጣ ሕፃንም ከደብረ ብርሃን ማሞቂያ ክፍል ተርፎ ወደ መንዝ ሲመለስ፣ ያልተዘጋውን መተላለፊያ ይዞ ይመለሳል።

ወጪው ከምን ከምን ይሰበሰባል

የታቀደው ቀዶ ሕክምና ወጪ የሚታወቅ ነው፤ ምርመራ፣ ማደንዘዣ፣ አጭር ቀዶ ሕክምና፣ ያለ ጊዜው ለተወለደው ሕፃን ደግሞ እስትንፋሱን የሚጠብቅ የአንድ ሌሊት ክትትል። ድንገተኛው በዚህ ላይ ሌላ ወጪ ይደራርባል፤ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ፣ በአፍንጫ ወደ ጨጓራ የሚገባ ቱቦ፣ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት፣ አንጀቱ ከሞተ ቆርጦ ማስወገድና መቀጠል፣ ደም፣ ኦክስጅን፣ የብዙ ቀናት አልጋ። በኡጋንዳ በሕፃናትና በልጆች የብሽሽት ቡአ ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፣ በቀዶ ሕክምናው አንድ ጤናማ የሕይወት ዓመት ለማትረፍ የሚያስፈልገው ወጪ ወደ 12 ዶላር እንደሚጠጋ ገምቷል፤ ይህም ቀዶ ሕክምናውን እጅግ አዋጪ ከሚባሉት የጤና አገልግሎቶች ተርታ ያሰልፈዋል። በዚያው ዓመት የወጣው የላንሴት የዓለም ቀዶ ሕክምና ኮሚሽን ዘገባ በየዓመቱ 33 ሚሊዮን ሰዎች ለቀዶ ሕክምናና ለማደንዘዣ በሚከፍሉት ገንዘብ ምክንያት ለከፋ የኑሮ ቀውስ እንደሚዳረጉ ገልጿል።

በደጋው አገር ግን ዋናው ልዩነት ያለው ከሆስፒታሉ ደረሰኝ ውጭ ነው። ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስደው መንገድ በሞላሌ በኩል ወደ ጣርማበር ይወጣል፤ ከግሼ የሚነሣው ቤተሰብ መሐል ሜዳ ለመድረስ ራሱን የቻለ ጉዞ አለበት። ከዓለም ከተማ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ደግሞ የጀማን ሸለቆ ወርዶ ይወጣል። የታቀደ ቀጠሮ ያለው ቤተሰብ በሕዝብ ማመላለሻ፣ በቀን ይጓዛል። ድንገተኛው በሌሊት መኪና ይኮናተራል፤ ወይም ለወላድ የተመደበችውን የወረዳ አምቡላንስ ይጠብቃል።

የመንዝ ገበሬ ተቀማጭ ገንዘብ በጉ ነው። ቀኑን የሚያውቅ አባት በጉን የበዓል ገበያ ሲደርስ፣ ዋጋው ሲወጣ ይሸጣል። ድንገት የተነሣ ግን ባገኘው ዋጋ ይሸጣል ወይም ይበደራል። የበልግ ገብስ አጨዳ ላይ የዋለ ጥድፊያም የዓመቱን እህል ይነካል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን የሕክምናውን ክፍያ በመሸፈን ትልቅ ሸክም አቅልሏል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲሞከር በአማራ ክልል የጀመሩት ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩ፤ ሌሎቹ ወረዳዎች የተከተሉት ቆይተው ነው። ይሁንና መድኅኑ የኮንትራት መኪናውን፣ የአስታማሚውን ምግብና ማደሪያ፣ የቀረውን የእርሻ ሥራ አይከፍልም። ድንገተኛውን ከታቀደው የሚለየው ወጪ ደግሞ በአመዛኙ ይኸው ነው።

ከፍታውም መረሳት የለበትም። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ ኦክስጅን ግፊት ከባሕር ጠለሉ በ30 ከመቶ ገደማ ያንሳል። ከማደንዘዣ በኋላ እስትንፋሱ ለአፍታ የሚቋረጥ ሕፃን በዚህ አየር ውስጥ ያለው መጠባበቂያ አነስተኛ ነው። የኦክስጅን አቅርቦትና የኦክስጅን መለኪያ መሣሪያ በሌለበት ያለ ጊዜው የተወለደን ሕፃን በታቀደ ቀን መቅደድ «ርካሽ» ሊባል አይችልም።

መንገዱም ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብና ጭጋግ ጉዞውን ያዘገያሉ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ጦርነቱ ወደ ሰሜን ሸዋ ሲዘልቅ፣ ከነሐሴ 2023 ጀምሮም በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገዶች በተደጋጋሚ ተዘግተዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ በ55 ሳምንት ይደረግ የተባለ ቀዶ ሕክምና የተቆረጠለትን ቀን ላያገኝ ይችላል፤ ሐኪሙ ቀን ሲቆርጥ ይህንንም ከቁጥር ማስገባት ግድ ይሆንበታል።

መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት «ሁልጊዜ ፈጥነህ ቅደድ» ወይም «ሁልጊዜ ጠብቅ» የሚል አይደለም። ማዘግየት ሕክምና የሚሆነው ቀን ሲኖረው፣ ጠባቂ ሲኖረውና ሲታነቅ መድረሻ ሲኖረው ነው። በግላስጎው ኒኮል ነርስና ማረፊያ ቤት ባያዘጋጅ፣ በአሜሪካም ሆስፒታሉ ቅርብ ባይሆን የሁለቱም ውጤት በተለየ ነበር።

ለደጋው የጤና ባለሙያ የሚከተሉት ተግባራት በእጁ ያሉ ናቸው። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ከማሞቂያ ክፍል ሲወጣ ብሽሽቱ ይታይ፤ የተገኘውም በመሸኛ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ቡአ ካለ ቤተሰቡ «ሲያድግ ትመጣላችሁ» ተብሎ ሳይሆን የተቆረጠ ቀን ይዞ ይውጣ፤ ቀኑም ክረምቱን፣ የእርሻውን ወቅትና የመንገዱን ሁኔታ ያገናዘበ ይሁን። ቤቱ እጅግ የራቀ፣ መንገዱም የማያስተማምን ከሆነ ሕፃኑ ከሆስፒታል ሳይወጣ እንዲቀደድ ከቀዶ ሐኪሙና ከማደንዘዣ ባለሙያው ጋር ይመከር። እስከዚያው የደም ማነሱ ይታከም፤ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም እንድታውቀው ይደረግ። እናት እብጠቱ ሲጠጥር፣ ሕፃኑ ሲያስመልሰውና ጡት እምቢ ሲል ሳትውል ሳታድር እንድትመጣ በግልጽ ይነገራት። በጤና ጣቢያው ያለው ባለሙያ ሕፃኑ የከፋ የመመረዝ ወይም የሆድ መቆጣት ምልክት ካላሳየ፣ አረጋግቶ እብጠቱን በእጅ በጥንቃቄ መመለስን ይሞክር፤ በአብዛኛው ይሳካል። ከተሳካም ሕፃኑ ወደ ቤት አይመለስ፤ እብጠቱ እስኪቀንስ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቆይቶ እንዲቀደድ ይላክ።

የኢትዮጵያ የጤና ሥርዓት ለዚህ የሚሆን ልምድ አለው። እ.ኤ.አ. በ1976 በአጣጥ ሆስፒታል የተጀመረው የእናቶች ማቆያ ቤት ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ይገኛል። መውለጃዋ የደረሰ እናት ከሩቅ መጥታ እንደምትቆይበት ሁሉ፣ የቀጠሮው ቀን የቀረበ ሕፃን ያላት እናትም ብታርፍበት፣ የጀማ መሻገሪያም ሆነ የጣርማበር ጭጋግ ቀጠሮውን አያስቀርባትም።